ሐይቁ ዳር ያለው መጋዘን

ከአዲስ አበባ በጠዋት ተነስተን አባይ በረሃን ወርደን ወጥተን ባህር ዳር ስንገባ መሽቶ ነበር፣ ክራሬን በጋቢ ጠቅልዬ መንገዱን ሙሉ ጭኔ ላይ ነው የያዝኩት። ባህር ዳር የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ዘጌ ነው የሚሄደው ወይ ጢስ አባይ፣ እኛ ግን በማግስቱ በባጃጅ የሄድነው ጣና ዳር ወዳለ አንድ የተተወ መጋዘን ነው።

በሩ ላይ ያሉት ጥበቃ ሽማግሌ ናቸው። "አባባ፣ ትንሽ ተጫውተን እንውጣ?" አልናቸው። "ግቡ ልጆቼ፣ ከዚያኛው ግድግዳ ግን ራቁ፣ ሊወድቅ ነው" አሉን።

ከተማዋ በ1950ዎቹ እንዴት እንዳደገች ታውቃላችሁ አይደል፣ ጨርቃ ጨርቁ በጣሊያን የጦር ካሳ ፖሊቴክኒኩ በሶቪየት እርዳታ ተሰሩ፣ የዚያን ጊዜ የሚመስል አሮጌ ህንፃ ሳይ ልቤ ይሰፋል። ጣራው ግማሹ የለም፣ ቆርቆሮው ዝጎ ተንጠልጥሏል፣ ንፋስ ሲመጣ ይንኳኳል።

ጓደኛዬ ማሲንቆውን ሲያወጣ ቆዳው በሐይቁ እርጥበት ላልቶ ድምፁ ታፍኗል፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጠን ጠበቅነው። እኔ ክራሬን በትዝታ ቃኘሁና ፈጠን አድርጌ ጀመርኩ ግን አልሆነም፣ ባዶው ቤት ድምፁን ይዞ ስለሚቆይ አንዱ አንዱ ላይ ይደራረባል። ቀስ ስል ነው የመጣልኝ፣ አንድ ክር መትቼ ግድግዳው እስኪጨርስ እጠብቃለሁ ከዛ ሁለተኛውን፣ እውነት ለመናገር እንደዛ ረጋ ብዬ ተጫውቼ አላውቅም። ማሲንቆው ሲሞቅ ገባልኝ፣ ሌላው ልጅ ባዶ ጀሪካን ይዞ የቆርቆሮውን ምት ተከተለ፣ ምንም አልተለማመድንም።

ሰዓሊዋ ጓደኛችን ደግሞ በከሰል ግድግዳው ላይ ትስላለች። ልስኑ የረገፈበትን ቦታ ጣና አደረገችው፣ ስንጥቁን ተከትላ የደንገል ታንኳ ሳለች፣ የዝገቱ ውሃ የወረደበትን መስመር ዝናብ አደረገችው። የጨመረችው ትንሽ ነው፣ ሌላው እዛው ነበር።

አንቺሆዬ ቅኝት ላይ ስንዞር አባባ ዱላቸውን ይዘው ገቡ። ዝም ብለው ትንሽ ሰሙ፣ ከዛ የብረቱን በር በዱላቸው መታ መታ አደረጉና በቀረርቶ ለቀቁት፣ የጎጃም ቀረርቶ፣ ርግቦቹ ከጣራው ግር ብለው ወጡ፣ ክራሬ ላይ ዝገት ረገፈ። እኛ እጃችንን ከመሣሪያው ላይ አነሳን። ብቻቸውን ይጨርሱ ብለን።