«ደህና ነኝ» ሲለኝ አላመንኩትም

የምሠራው ደመወዝ ክፍል ነው። አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ሂሳብ ላይ ቀልድ አያውቅም። የአንዲት ቁጥር ልዩነት ካለች ሳያገኛት ከወንበሩ አይነሳም። ይሄ ሰው አንድ ጊዜ ያለፈውን ወር ፋይል ለባንክ ሊልክ ሲል ደረስኩበት። ቀጥሎ ማርፈድ መጣ፣ መቅረት መጣ። ቢሮው «ኮርቷል»፣ «ሌላ ሥራ እያፈላለገ ነው» ይል ጀመር። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። ቀኑን ሙሉ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ ይውላል፤ ገመዱ ግን የትም አልተሰካም። ለካ ሰው እንዳያናግረው ነው።

ፊት ለፊት ተቀምጦ እንዲህ ያለ ነገር ማውራት ይከብዳል። ማታ ስንወጣ ደረጃውን ጎን ለጎን እየወረድን ጠየቅኩት።

«ሰሞኑን ልክ አይደለህም። ምን ሆነህ ነው?»

«ደህና ነኝ፣ ድካም ነው።»

«እንቅልፍስ?»

ቆም አለ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እየባነነ እንደዚያው እንደሚነጋበት፣ ምግብ እንደማይጥመው፣ ነፍሱን የሚሰጥለት ኳስ እንኳ እንዳስጠላው ነገረኝ። ከወር በላይ ሆኖታል። ሐኪሞች ደግሞ እንዲህ ያለው ስሜት በየቀኑ 2 ሳምንት ከቆየ ድብርትን ይጠረጥራሉ።

«አይዞህ፣ ያልፋል» ብሎ መለያየት ቀላል ነበር። እኔ ግን «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» አልኩት። ብዙ ሰው ይህን መጠየቅ ያልነበረ ሐሳብ የሚያስገባ ይመስለዋል። አያስገባም። «መሞት እንኳ አይደለም፤ ጠዋት ባልነቃ ግን ደስ ይለኛል» አለኝ። ይሄ እንደ ዋዛ የሚታለፍ መልስ አይደለም። ለማንም እንዳልናገር ለመነኝ። «ለቢሮ ሰው ትንፍሽ አልልም። ለሕይወትህ ከሰጋሁ ግን ዝም አልልም» አልኩት። ብቻውን እንዳያድር እህቱ ቤት አደረስኩት፤ በማግስቱ አብረን ሐኪም ጋ ሄድን።

ለአለቃችን «ታምሜ ሕክምና ጀምሬያለሁ» ብቻ አላቸው። የሕመሙን ስም የመናገር ግዴታ አልነበረበትም። አለቃችን (ቁጡ ናቸው፣ ገርሞኛል) ሳያስጨርሱት «የቱ ሥራ ይቅለልልህ?» አሉት። ጠዋት ዘግየት ብሎ እንዲገባ፣ የሚያዘጋጀውን ደመወዝ ደግሞ ሌላ ሰው እንዲያየው ተስማማን።

እኔ «የምትፈልገው ካለ ንገረኝ» አላልኩትም። ከአልጋ መነሳት ያቃተው ሰው የሚፈልገውን አስቦ ለመጠየቅ አቅሙን ከየት ያመጣል? «ስድስት ተኩል ላይ ምሳ እንውጣ» ስለው ግን እየከበደውም ይነሳል። አንዳንዴ አንድም ቃል ሳንነጋገር በልተን እንመለሳለን።

ሐኪሙ ለድብርቱ ያዘዙለት መድኃኒት ላይ ተቸገርን። «ምንም ለውጥ የለውም» ብሎ ሊያቆመው ነበር። ሐኪሙ ለውጡ እስኪታይ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት እንደሚወስድ፣ በራስ ፈቃድ ድንገት ማቋረጥም እንደሚጎዳ አስረዱት። እዚያ ክርክር ውስጥ አልገባሁም፤ እኔ የማውቀው ደመወዝ ማስላት ነው።

አሁንም መጥፎ ቀን አይጠፋም። የሁለት ሰው ቁጥጥሩ ግን ለሁላችንም ሆኖ ቀርቷል፤ የእኔን ሂሳብ የሚያየው እሱ ነው። የሐኪም ቀጠሮ ባለው ቀን ስልኩን እኔ አነሳለታለሁ።