ለኦንላይን ጌም ተገጣጥሞ የተዘጋጀ ኮምፒውተር ስመርጥ

ለሰባት ዓመታት ያገለገለኝ ኮምፒውተር ከእንግዲህ እንደማይበቃኝ የተቀበልኩት በአንድ የቡድን ውጊያ መካከል ነው። የምጫወተው ጌም እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውና እስከ ዛሬ በየጊዜው የሚታደሰው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ሲሆን፣ ብቻዬን በሜዳና በጫካ ስዘዋወር ምስሉ ያለ እንከን ይሄድልኛል። 20 ተጫዋቾች በአንድ ጠላት ዙሪያ ስንሰበሰብ ግን ምስሉ መቆራረጥ ይጀምራል፤ ቁልፍ ስጫንም ውጤቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው። በቡድኑ ውስጥ የእኔ ሥራ የቆሰሉትን ማከም ስለሆነ ኮምፒውተሬ በዘገየ ቁጥር የሚሞተው ሌላ ሰው ነው። ለሁለት ወር ያህል «ይቅርታ፣ ኮምፒውተሬ ነው» እያልኩ መቆየቴ ከልብ አሳፍሮኛል።

ክፍሎቹን ለየብቻ ገዝቼ ከመገጣጠም ይልቅ ተገጣጥሞ የተዘጋጀ ኮምፒውተር ለመግዛት የወሰንኩት፣ ብልሽት ሲፈጠር ጥፋቱ የማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ) ነው ወይስ የፓወር ሰፕላዩ (ለክፍሎቹ ኤሌክትሪክ የሚያድለው) እያልኩ ከየሻጩ ጋር ከምከራከር ለጠቅላላው ዕቃ ዋስትና የሚሰጥ አንድ ወገን እንዲኖር ስለፈለግሁ ነው። ነገር ግን በኬዙ ውስጥ የሚገባውን የሚወስነው ሻጩ በመሆኑ፣ ገዢው በማስታወቂያው ላይ የተጻፈውንም ያልተጻፈውንም አጥብቆ መመርመር ይኖርበታል።

እንደ ብዙ ሰው መጀመሪያ ያሰብኩት አቅሜ የሚፈቅደውን ትልቁን ግራፊክስ ካርድ መግዛት ነበር። ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት ግን አንድ ቀላል ሙከራ አደረግሁ፤ ይህን ሙከራ ኮምፒውተር ለመግዛት የሚያስብ ሁሉ ቢያደርገው እመክራለሁ። ቡድናችን በሚዋጋበት ሰዓት የምስሉን ጥራትና ሬዞሉሽን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጌ በሰከንድ የሚታዩትን ፍሬሞች (ምስሎች) ተመለከትኩ። ቁጥሩ ቀድሞ በነበረበት በ30ዎቹ ውስጥ ቀረ። ችግሩ የግራፊክስ ካርዱ ቢሆን ኖሮ ሥራው ሲቀልለት ቁጥሩ ከፍ ማለት ነበረበት፤ ከፍ አለማለቱ የሚያሳየው ካርዱ ፕሮሰሰሩን ቁጭ ብሎ እየጠበቀ መሆኑን ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የት እንደቆመ፣ ማን ምን እንደወረወረ፣ ማን ምን ያህል እንደተጎዳ የሚያሰላው ፕሮሰሰሩ ሲሆን፣ ግራፊክስ ካርዱ የሚስለው ያ ስሌት ካለቀ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። የፕሮሰሰሩን አጠቃቀም ታስክ ማናጀር በሚባለው የዊንዶውስ መቆጣጠሪያ ሲመለከቱ 20 ወይም 30 በመቶ ብቻ ስለሚያሳይ «ፕሮሰሰሬ ገና ብዙ ይቀረዋል» ብለው ይደመድማሉ። ብዙ የኦንላይን ጌሞች ግን ከሥራቸው ትልቁን ድርሻ በአንድ ዋና መስመር (ትሬድ) ላይ ያስኬዳሉ። 16 መስመሮች ያሉት ፕሮሰሰር አንዱ መስመር ብቻ ሙሉ በሙሉ ቢያዝ በጠቅላላው ቁጥር ላይ የሚታየው 6 በመቶ ገደማ ነው፤ ዊንዶውስም ሥራውን ከኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ካሉት የስሌት ክፍሎች አንዱ) ወደ ኮር ስለሚያዘዋውረው የየኮሩ ሥዕላዊ መግለጫ እንኳ እውነቱን አያወጣም። ከዚህ ይልቅ የተሻለው ምልክት የግራፊክስ ካርዱ አጠቃቀም ነው፤ የፍሬም ገደብ ሳይደረግበት ካርዱ በግማሽ አቅሙ ብቻ እየሠራ ከሆነ የሚያዘገየው ሌላ ነው።

ስለዚህ ፍለጋዬን የጀመርኩት ከፕሮሰሰሩ ሆነ። የፕሮሰሰሩን ፍጥነት የሚገልጸው የጊጋኸርትዝ ቁጥር ብቻውን መመዘኛ እንደማይሆን ያሳመነኝ የሁለት ወንድማማች ፕሮሰሰሮች ታሪክ ነው። የኤኤምዲ ራይዘን 7 5800ኤክስ እና እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው 5800ኤክስ3ዲ ሁለቱም 8 ኮር አላቸው፤ ሁለተኛው እንዲያውም ፍጥነቱ በጥቂቱ ዝቅ ያለ ነው። ሆኖም የመጀመሪያው 32 ሜጋባይት የሆነ ሦስተኛ ደረጃ ካሽ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ማስታወሻ) ሲኖረው ሁለተኛው 96 ሜጋባይት ይዟል፤ በዚህም ምክንያት በአብዛኞቹ ጌሞች ቀዳሚ ነው። ብዙ ተጫዋቾች በአንድ ቦታ ሲገናኙ ፕሮሰሰሩ ደጋግሞ የሚፈልገው መረጃ ይበዛል፤ ያ መረጃ እዚያው አጠገቡ ካልተገኘ ከፕሮሰሰሩ ውጭ እስካለው ማስታወሻ፣ እስከ ራም ድረስ ሄዶ ማምጣት ስላለበት ጊዜ ይባክናል። በ2023 የወጣው 7800ኤክስ3ዲ እና በ2024 የወጣው 9800ኤክስ3ዲ ይህንኑ መንገድ የተከተሉ ናቸው። ለእኔ ዓይነት ጌም ግራፊክስ ካርዱን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጎ ገንዘቡን እዚህ ላይ ማዋል ተገቢ መሆኑን አምኛለሁ።

በማስታወቂያ ላይ «ኮር አይ7» (የኢንቴል ፕሮሰሰር ስም ነው) ተብሎ በትልቁ ሲጻፍ ትውልዱን ሳይጠይቁ ማለፍ አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ኮር አይ7-7700ኬ 4 ኮር ሲኖረው በ2023 የወጣው ኮር አይ7-14700ኬ 20 ኮር አለው፤ ሁለቱም «አይ7» ይባላሉ። ግራፊክስ ካርድም ከዚህ አያመልጥም። አርቲኤክስ 5060 ቲአይ በ8 ጊጋባይትም በ16 ጊጋባይትም ስለሚሸጥ፣ የማስታወሻውን መጠን ያልጻፈ ሻጭ ካጋጠመ ስምንቱ ነው ብሎ መገመት ይሻላል።

እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ጨርሶ ያልተጻፈው ነው። «16 ጊጋባይት ራም» የሚለው ጽሑፍ አንድ ባለ 16 ወይም ሁለት ባለ 8 ሊሆን ይችላል። አንድ ብቻ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ከራሙ ጋር የሚገናኝበት መንገድ በግማሽ ይጠብባል፤ ይህም የሚጎዳው በትክክል እንደ እኔ ፕሮሰሰሩን የሚያስጨንቅ ጌም የሚጫወተውን ሰው ነው። ፓወር ሰፕላዩም ብዙ ጊዜ በዋት ብቻ ይገለጻል፤ «80 ፕላስ» የሚለው ምልክት ደግሞ ኤሌክትሪኩን ምን ያህል ሳያባክን እንደሚጠቀም እንጂ ስለ ጠቅላላ ጥራቱ የሚናገር አይደለም። አንዳንድ አምራቾች ማዘርቦርዱንና የኤሌክትሪክ ማገናኛዎቹን በራሳቸው ቅርጽ ስለሚሠሯቸው፣ ከዋስትናው ዘመን በኋላ አንዱ ቢበላሽ ከሌላ ቦታ ተገዝቶ የሚተካ ነገር አይገኝም። እነዚህን ጥያቄዎች ጽፌ ለመጀመሪያው ሻጭ ብልክ የተመለሰልኝ «ሁሉም ጥራት ያላቸው ናቸው» የሚል አንድ መስመር ነበር። ሁለተኛው የእያንዳንዱን ክፍል አምራችና ሞዴል ዘርዝሮ ላከልኝ፤ ከእርሱም ገዛሁ።

የኬዙ ፊት ለፊት አየር የሚያስገባ ወንፊት እንጂ የተዘጋ መስታወት እንዳይሆን፣ ጌሙ የሚቀመጥበትም ኤስኤስዲ ቢያንስ 1 ቴራባይት እንዲሆን ፈልጌ ነበር፤ ሁለቱንም ማግኘት አላስቸገረኝም። ቫሎራንትን ለሚጫወት ሰው ግን አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ይህ ጌም በዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የሚባሉት የኮምፒውተሩ የደህንነት መጠበቂያዎች በርተው ካላገኘ አይከፈትም። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ፣ ዛሬ እርሱ ተጭኖበት የሚሸጥ ኮምፒውተር ሲገኝ ወደ 11 ማደግ መቻሉን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ከጓደኞቼ አንዱ ፒንጉ (መልእክት ወደ ጌሙ ሰርቨር ደርሶ ለመመለስ የሚወስድበት ጊዜ) ከፍ ስላለበት አዲስ ኮምፒውተር ሊገዛ ሲዘጋጅ ደርሼ አስቁሜዋለሁ። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ የሚጓዘው በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 4,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኝ ሰርቨር ደርሶ ለመመለስ ሌላ መዘግየት ሁሉ ባይኖር እንኳ 40 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ይህን የትኛውም ፕሮሰሰር አያሳጥረውም። ለእርሱ የሚጠቅመው በቅርብ ያለ ሰርቨር መምረጥና ከዋይፋይ ይልቅ በገመድ መገናኘት ነበር፤ የገመዱን ነገር በዚያው ዕለት ሞክሮት የፒንጉ መዋዠቅ ቀንሶለታል።

ኮምፒውተሩ ሲደርሰኝ ከመሰካቴ በፊት የኬዙን ጎን ከፈትኩ። በጉዞ ላይ ግራፊክስ ካርዱ እንዳይነቃነቅ የተደረገ ስፖንጅ በውስጡ ነበር፤ ሳይወጣ ቢበራ ማራገቢያዎቹን ያግድ ነበር። የሞኒተሩን ገመድ በማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን በግራፊክስ ካርዱ ላይ ሰካሁ፤ ቀጥሎም የራሙን ፍጥነት ስመለከት 6000 ተብሎ የተገዛው በ4800 እየሠራ አገኘሁት። ራሙን በተገዛበት ፍጥነት የሚያሠራው ኤክስፖ የሚባለው ቅንብር በባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት በሚነሳው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ስላልበራ ነው፤ ሳበራው ተስተካከለ። ሞኒተሬም 144 ኸርትዝ ሆኖ ሳለ ዊንዶውስ በ60 አስቀምጦት ነበር። በ60 ኸርትዝ አዲስ ምስል የሚመጣው በየ16.7 ሚሊሰከንዱ ሲሆን በ144 ግን በየ6.9 ሚሊሰከንዱ ነው፤ ይህን ሳያስተካክሉ ለወራት የሚጫወቱ ሰዎች መኖራቸው ያሳዝነኛል።

በዚያው ሳምንት ከቡድኑ ጋር ወደዚያው ውጊያ ተመለስን። 20ዎቻችን በአንድ ቦታ ተሰብስበን ሳለ ፍሬሙ ከ90 በታች አልወረደም፤ ፒንጌ ግን እንደ ቀድሞው 70 ሚሊሰከንድ ነበር። በሦስተኛው ሙከራ ጠላቱ ወደቀ፤ በእኔ መዘግየት የሞተ ሰው አልነበረም።