በማሎሪ ፓርክ፣ ከባለ አንድ ሲሊንደሩ ኖርተን ጋር

ከእንግሊዟ በርሚንግሃም እስከ ማሎሪ ፓርክ የእሽቅድድም ሜዳ ያለው መንገድ ረጅም አይደለም፤ ማልዶ ለተነሣ ሰው ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጉዞ ነው። እኛ ግን ከከተማው ከመውጣታችን በፊት በአስተን ሰፈር ዞረን በብሬስብሪጅ መንገድ አለፍን፤ ይህን የጠየቅሁት እኔ ነበርሁ። የኖርተን ሞተር ሳይክል ፋብሪካ የነበረው እዚህ ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተዘግቶ ሥራው ወደ ለንደን ዞሯል። በቫናችን ውስጥ በቀበቶ ታስሮ የቆመው ማንክስ ኖርተን የተባለው የእሽቅድድም ሞተር ሳይክል ዘሩ የሚቆጠረው ከዚህ መንገድ ነውና፣ ወደ ፍተሻው ስንወስደው በትውልድ ደጁ ማለፉ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ቫኑን የሚነዳው የሞተሩ ባለቤትና ተወዳዳሪ ነው። አጠገቡ የተቀመጡት አዛውንት መካኒክ ዕድሜያቸውን ሙሉ የእሽቅድድም ሞተር ሲያስተካክሉ የኖሩ ሰው ሲሆኑ፣ እኔ በእሳቸው ወርክሾፕ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። ሙያውን የጀመርሁት አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ በነበረ ጋራዥ ነው፤ ካርቡሬተር ፈትቶ መግጠምን የተማርሁት እዚያ ቢሆንም፣ አንድን ሞተር ከልኩ ሳያሳልፉ ከነበረበት በጥቂቱ ማሻሻልን ግን የተማርሁት ከእኒህ አዛውንት ነው።

ስለ ሞተሩ ጥቂት ልበል። ማንክስ ኖርተን ወደ 500 ሲሲ የሚጠጋ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1954 ወዲህ የሲሊንደሩ ስፋት 86 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 85.6 ሚሊ ሜትር ሆኗል። ቫልቮቹን የሚከፍቱት ሁለቱ ካምሻፍቶች ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ላይ ተቀምጠው በቁም ዘንግና በሾጣጣ ጥርሶች ይዞራሉ። ጉልበቱ 50 ፈረስ ገደማ ስለሆነ በዘመኑ ከነበሩት ባለ አራት ሲሊንደር የጣልያን ሞተሮች ያነሰ ነበር፤ ቢሆንም በ1960 ዴሪክ ሚንተር በዚሁ ሞተር በአይል ኦቭ ማን ደሴት የውድድር መንገድ ላይ አንድ ሙሉ ዙር በአማካይ በሰዓት 100 ማይል የሄደ የመጀመሪያው ባለ አንድ ሲሊንደር ተወዳዳሪ ሆነ፤ በ1961 ማይክ ሄይልውድ በዚያው ደሴት የሚካሄደውን የሲኒየር ቲቲን ውድድር በሰዓት ከ100 ማይል በላይ በሆነ አማካይ ፍጥነት አሸነፈ፤ በ1969 ደግሞ ጎድፍሬይ ናሽ የዓለም ሻምፒዮና ውድድር የሆነውን የዩጎዝላቪያን ግራን ፕሪ ወሰደ፤ ከዚያ ወዲህ በ500 ሲሲ ምድብ በባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ግራን ፕሪ ያሸነፈ የለም። እነዚህ ድሎች በጉልበት ብዛት የተገኙ አይመስሉኝም። የማካንድለስ ወንድማማቾች የነደፉት ፌዘርቤድ ሻሲ፣ የሞተሩ ቅለትና፣ ከሁሉም በላይ ጉልበቱ ጋላቢው በሚፈልገው ቦታ እንዲገኝ የደከሙት መካኒኮች ሥራ ውጤት ናቸው። የእኛም የዕለቱ ሥራ ይኸው የመጨረሻው ነበር።

ማሎሪ ፓርክ በሌስተርሸር ገጠር፣ በኩሬ ዙሪያ የተዘረጋ፣ ርዝመቱ ከ2 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ የመሮጫ መንገድ ነው። ትንሽ ቢሆንም ለፍተሻ የሚመች ጠባይ አለው። ጄራርድስ የሚባለው ረጅም የቀኝ መታጠፊያ ነዳጅ ሳይቀነስ ለረጅም ጊዜ የሚጋለብበት በመሆኑ ሞተሩ ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ይቆያል፤ ጥቂት ቆይቶ የሚመጣው ሻውስ ሄርፒን ደግሞ እጅግ ጠባብና ዝግ ያለ በመሆኑ ሞተሩ በማይወደው ዝቅተኛ ዙር እንዲሠራ ያስገድደዋል። ለአንደኛው የሚስማማው ማስተካከያ ሌላኛውን ያስቀይማል፤ ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ጉድለት ሁሉ እዚህ ይገለጣል።

የመጋቢት ጠዋት ብርዱ ይቆነጥጥ ነበር። በመጀመሪያ የድምፅ መለኪያ ይዞ ከማርሚታው ጫፍ ግማሽ ሜትር ርቆ፣ በ45 ዲግሪ አቅጣጫ የቆመው ሠራተኛ ድምፁን ለካ። በቀድሞው ዘመን ማንክስ የሚሮጠው አፉ እንደ ጡሩምባ በተከፈተ፣ ሜጋፎን በሚባል የጭስ ማውጫ ነበር፤ ዛሬ ግን የአካባቢውን ነዋሪ ላለማወክ ውስጡ ድምፅ መቀነሻ ይገጠምለታል። ይህ ለማየት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የጭሱን አወጣጥ የነካ ሰው የቤንዚኑንም መጠን ነክቷል፤ ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ በወርክሾፕ የለካነው ሁሉ መንገዱ ላይ እንደገና መረጋገጥ ነበረበት።

ዘይቱን አሙቀን ጨመርን፤ ሞተሩንም በሚሽከረከሩ በርሜሎች ላይ አስነሥተን ለረጅም ጊዜ በቀስታ አሞቅነው። አዛውንቱ እስካሁን የሚጠቀሙት ከጉሎ ፍሬ የሚጨመቀውን የእሽቅድድም ዘይት ነው። ከማዕድን ዘይት ጋር የማይዋሐድ፣ ሲቆይም እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ቢሆንም፣ ሙቀትና ጫና ሲበረታ ብረቱን ይዞ የመቆየት ችሎታው የታወቀ ነው። ሲቃጠል የሚሰጠው ሽታ አዲስ ምጣድ በጉሎ ሲሟሽ ቤቱን የሚሞላውን ሽታ ይመስላል፤ በሞተር ሳይክል ሰፈር ያ ሽታ ሲሸት ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያያል።

በመጀመሪያው ተራ ሞተሩ ቀጥታው ላይ ደኅና ሄደ፤ ጄራርድስ ላይ ግን በደቂቃ 6,200 ዙር ሲያልፍ ይደነቃቀፍ ጀመር፤ ጋላቢው ነዳጅ ጥቂት ሲቀንስ ይተወዋል፤ ሲጨምር ይመለሳል። በመጨረሻው ዙር ሙሉ ነዳጅ ሰጥቶ እንዳለ ሞተሩን በአንድ ጊዜ አጥፍቶ፣ ፍሪሲዮን ጨብጦ እየተንሸራተተ ገባ። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈትቼ በማጉያ መነጽር ሳየው ከነጭ ሸክላው ሥር፣ በውስጥ በኩል መታየት የነበረበት ቡናማ ቀለበት የለም፤ ሸክላው ነጥቷል። ይህ የቤንዚን ማነስ ምልክት ነው። የዛሬው እርሳስ አልባ ቤንዚን የካንዴላውን ቀለም ለማንበብ አስቸጋሪ ስላደረገው ብዙዎች በጭስ መውጫው ላይ የሚገጠመውን የኦክስጅን መለኪያ ብቻ ያምናሉ፤ እኛ ሁለቱንም እንጠቀማለን፤ በዚያ ቀንም ሁለቱ ተስማምተው ነበር።

ቤንዚን በልክ የሚያሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ቡሎን፣ ማለትም ጄቱን፣ በትልቅ ልቀይር ብዬ ሳጥኑን ስከፍት አዛውንቱ እጄን ያዙኝ። «ቤንዚን አትጨምር፤ መጀመሪያ ያለው የት እንደሚቀር እንይ» አሉኝ። ከዚያ ቤንዚኑን በተወሰነ ከፍታ ይዛ ለካርቡሬተሩ ከምታቀብለው ትንሽ ቋት ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄደውን ቱቦ አውጥተው ብርሃን በሚያሳልፍ ቱቦ ተኩት፤ ሞተሩንም አስነሥተው ለአፍታ ዙሩን ከፍ አደረጉት። በቱቦው ውስጥ የሚፈሰው ቤንዚን ድንገት በጥቃቅን አረፋ ተሞላ። ቋቷ ከካርቡሬተሩ ተለይታ በሻሲው ላይ በጎማ የምትንጠለጠለው ንዝረት እንዳያገኛት ነው፤ ጎማው ግን በእርጅና ደርቆ እንደ እንጨት ጠጥሮ ነበር። አዛውንቱ ጥፍራቸውን ጫኑበት፤ ምልክት እንኳ አልቀረበትም።

ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተርን የሚያስተካክል ሰው ከንዝረት ጋር አብሮ ይኖራል። በ7,000 ዙር ፒስተኑ በአማካይ በሰከንድ 20 ሜትር ያህል ይሮጣል፤ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ቆሞ አቅጣጫውን ይለውጣል። ይህን የሚመክት ክብደት በክራንክ ሻፍቱ ላይ ይደረጋል፤ ሆኖም ክብደቱ የፒስተኑን ሙሉ ጫና እንዲመክት ቢደረግ፣ ከላይ ወደ ታች የነበረው ንዝረት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይዞራል እንጂ አይጠፋም። ስለዚህ ከፊሉ ብቻ ይመከትና የቀረውን ሻሲው፣ ቡሎኑና የጋላቢው እጅ ይሸከሙታል። ጎማው ከጠጠረ ደግሞ ቤንዚኑ ይሸከመዋል፤ ይናጣል፣ ያረፋል፤ በጄቱ ቀዳዳ ቤንዚን ብቻ ሳይሆን አየርም ያልፋል። ያን ጠዋት ትልቅ ጄት ገጥመን ቢሆን ኖሮ ጄራርድስ ላይ ችግሩ የተፈታ ይመስል ነበር፤ አረፋ በሌለበት ዙር ግን ሞተሩ በቤንዚን ይታፈን ነበር። አዲስ ጎማ ቀየርን፤ ሌላ ምንም አልነካንም። በሚቀጥለው ተራ ድንቅፍቅፉ ጠፋ፤ ካንዴላውም ቡናማ ቀለበቱን ይዞ ተመለሰ።

ከቀትር በኋላ ወደ ሄርፒኑ ጉዳይ ዞርን። ጋላቢው ከመታጠፊያው ሲወጣ ሞተሩ ወደ 4,200 ዙር ስለሚወርድ፣ ጉልበት እስኪያገኝ ድረስ ፍሪሲዮኑን እያንሸራተተ መጠበቅ ነበረበት። ምክንያቱ ሜጋፎኑ ነው። ከሲሊንደሩ የሚወጣው ጭስ የግፊት ማዕበል ሆኖ በቱቦው ይሄድና ሰፊው አፍ ሲደርስ፣ እንደ መሳብ ያለ ዝቅተኛ ግፊት ሆኖ ይመለሳል። ሁለቱም ቫልቮች ጥቂት በተከፈቱበት ቅጽበት ከደረሰ አዲሱን አየር ወደ ሲሊንደሩ ይስበዋል፤ ከ4,500 በታች ግን ሰዓቱን ስቶ ይመጣና ጭሱ በመግቢያው በኩል ወደ ካርቡሬተሩ ይገፋል። አየሩ በካርቡሬተሩ አፍ ሲመላለስ በየጊዜው ቤንዚን ስለሚቀዳ ሞተሩ በዚያ ዙር ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይጠጣል። በዚህም ምክንያት አዛውንቱ ቤንዚኑ እንዲያንስ የካርቡሬተሩን መርፌ አንድ ጥርስ ዝቅ አደረጉት፤ ከአንድ ተራ ሙከራ በኋላ ብቻ፣ ለብቻው፣ ሞተሩ ከመታጠፊያው ከፍ ባለ ዙር እንዲወጣ የኋላውን የሰንሰለት ጥርስ ከ48 ወደ 50 አሳደግነው። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መለወጥን አጥብቀው ይከለክላሉ፤ ትክክል ናቸው፤ ሞተሩ ቢሻሻል ለየትኛው ምስጋና እንደሚሰጥ አይታወቅምና።

ፀሐይዋ ስትሞቅ አየሩ ስለሳሳ ዋናውን ጄት በአንድ ደረጃ አሳነስን። ይህ ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ያንሳል፤ ለቆላ አገር የተስተካከለ ካርቡሬተር ይዞ የመጣ ሞተር ጥቁር ጭስ እያጨሰ ሲቸገር በጋራዣችን ደጅ ብዙ ጊዜ አይተናል። እዚህ የሚደረገው ያው ሥራ ነው፤ ልዩነቱ መጠኑ በጣም ያነሰ፣ ጥንቃቄው ደግሞ የበዛ መሆኑ ነው።

በመጨረሻው ተራ ቀጥታው ላይ 6,800 ይደርስ የነበረው ሞተር ወደ 7,100 ተጠጋ፤ ጋላቢውም ከሄርፒኑ ሲወጣ ፍሪሲዮኑን ቀድሞ መልቀቅ ቻለ። ከዚህ የበለጠ ዙር ለዚህ ሞተር የቫልቭ ሞላዎች ዕዳ ነውና አዛውንቱ 50 ጥርስ እዚያው ላይ ይቁም አሉ። ቫኑ ላይ ከመጫናችን በፊት የሻሲውን ቡሎኖች አንድ በአንድ አጠበቅን፤ ከዘይት መውጫው ቡሎን ላይ የተፈታውን የማሰሪያ ሽቦ በአዲስ ቀየርን፤ ከቁሙ ዘንግ መሸፈኛ ሥር የታየውን የዘይት ወዝ ጠርገን ለማክሰኞ በሥራ ዝርዝሩ ላይ ጻፍን። ቀጣዩ ፍተሻ በሊንከንሸር ኮረብታማ በሆነው በካድዌል ፓርክ ነው፤ እዚያ ዳገቱ የሚበዛ ስለሆነ በ50 ጥርስ እንጀምርና መርፌውን ወደ ቀድሞ ቦታው መልሰን እንደገና እንለካለን።