ማቃጠሉን ሲተው

ዛሬ ጠዋት ከመኪና ስንወርድ ብርዱ ከዜሮ በታች 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር። አየር ስስብ የአፍንጫዬ ውስጥ እርስ በርሱ ተጣበቀ። ጓደኛዬ አየት አደረገኝና «እርግጠኛ ነህ?» አለኝ። «እንሂድ» አልኩት። ይህን ተራራ በክረምት ማየት ስመኝ ቆይቻለሁ።

ስኖውሹውን፣ ማለትም በበረዶ ላይ ለመራመድ እግር ላይ የሚታሰረውን ሰፊ ጫማ፣ ለማሰር ጓንቴን ያወለቅኩት ለአንድ ደቂቃ ያህል ነው። ጣቶቼ እንደ እንጨት ደረቁ። ጫማው ግን ድንቅ ነገር ነው። ሰፊ ስለሆነ ክብደትን ይበትነዋል፤ ያለ እሱ እስከ ጉልበቴ የሚውጠኝን በረዶ ከላይ ከላይ ረገጥኩት። እግርን ትንሽ ከፈት አድርጎ መራመድ ብቻ ነው፤ አለዚያ አንዱ ሌላውን ይረግጥና መውደቅ ይመጣል።

ጓደኛዬ ገና ሳንነሳ ወፍራሙን ጃኬት አስወልቆ ቦርሳ ውስጥ አስከተተኝ። «ስትጀምር ሊበርድህ ይገባል» አለ። ዳገቱን ስንያያዘው ገባኝ። እንዲህ ባለ ቀን ከብርዱ ይልቅ የሚያስፈራው ላብ ነው። ልብስ ከረጠበ፣ ቆም ባልን ቁጥር የሰውነታችንን ሙቀት ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ በጣም ቀስ አልን። ከዚህ በፊት እንዲህ ቀስ ብዬ የሄድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ጸጥታው! አዲስ የወረደ በረዶ ድምፅ ይውጣል። የሚሰማው ከእግራችን ሥር ጭው ጭው የሚለው ብቻ ነው። ብርዱ ሲጠና ቅንጣቶቹ ስንረግጣቸው አይቀልጡም፤ እየተፋተጉ ይሰበራሉ። ያ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ወደ ላይ ስንወጣ ደግሞ ቀለል አለን። ነፋስ በሌለበት ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ስለሚከብድ ወደ ሸለቆ ወርዶ ይተኛል፤ ከሥሩ ወጥተን ነበር። ሻይ ጠጣን። የውኃውን ኮዳ ገልብጠን ስለያዝነው አፉ አልተዘጋም፤ በረዶ የሚጀምረው ከላይ ነዋ።

አፋፉ ላይ ግን ነፋሱ ተቀበለን። ጉንጬን አቃጠለኝ። ትንሽ ቆይቶ ማቃጠሉን ተወ። ለመድኩት ብዬ ደስ አለኝ።

ጓደኛዬ ዞር ብሎ አየኝና «ቁም!» አለ። ጉንጬ ላይ ሳንቲም የምታህል ቦታ ገርጥታ አመድ መስላለች። እኔ ምንም አይሰማኝም፤ ብርዱ ቆዳዬን አደንዝዞት ነበር። በእጄ ልፈትገው ስል ያዘኝ፤ ማሸት ሥጋውን ይበልጥ ይጎዳዋል። ጀርባችንን ለነፋሱ ሰጥተን ቆምን። ጓንቱን አውልቆ መዳፉን ጉንጬ ላይ አደረገ። ዝም ብሎ፣ ሳያንቀሳቅሰው። ብዙ ቆየን። ከዚያ መርፌ እንደሚወጋ ያለ ሕመም መጣ። በሕመም እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም።

ጫፉ ይታየን ነበር። ተመለስን፤ አልተከራከርንም።

ስንወርድ በየጥቂቱ እየቆምን «ፊትህን አሳየኝ» እንባባል ነበር። የራስ ፊት ለራስ አይታይም። ሽፋሽፍቱ ላይ በረዶ ተንጠልጥሎ፣ ዓይኖቹ ጉንጬን፣ አፍንጫዬን፣ ጆሮዬን ሲፈትሹ ትዝ ይለኛል።

አሁን ማታ ነው። ጉንጬ ቀልቷል፣ ትንሽ ያሳክከኛል። የእሱን ጣቶች ግን የጠየቅኩት መኪና ውስጥ ገብተን ማሞቂያው ከተከፈተ በኋላ ነው። መሪውን በአንድ እጁ ይዞ፣ ሌላውን ብብቱ ሥር ወሽቆታል። «ደህና ናቸው» አለኝ።

ነገ ጠዋት ደውዬ እንደገና እጠይቀዋለሁ።