ልጄን እንቁላል ያስጀመርኩት እንዲህ ነው

ልጄን እንቁላል ላስጀምራት ነው ስል የማይመክረኝ ሰው አልነበረም። እናቴ «ዓመት ሳይሞላት አይሆንም» አለች። እህቴ አስኳሉን ብቻ ስጫት፣ ነጩ ይቆይ አለችኝ። አንዷ ጓደኛዬ ደግሞ ጥሬውን በወተት በጥብጠሽ ስጫት፣ ያጠነክራታል አለች። ሁሉም ከፍቅር ነው የሚናገሩት፤ ግን ሦስቱን ምክር አንድ ላይ መከተል አይቻልም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ አነበብኩ፣ የልጄን ሐኪም ጠየቅኩ፣ ከዚያ ጀመርኩ።

መጀመሪያ «ይቆይ» የሚለውን ነገር ላንሳ፤ ምክንያቱም ብዙ ወላጅን የሚያስፈራው እሱ ነው። እናቴ ከመሬት ተነስታ አልተናገረችም። እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በቤተሰባቸው አለርጂ ላለባቸው ልጆች እንቁላል እስከ 2 ዓመት ይቆይ ይል ነበር። ይህን ምክር በ2008 ተወው፣ ማቆየቱ ከአለርጂ እንደሚከላከል ማስረጃ ስላልተገኘለት። ኋላ ላይ የወጡ ጥናቶች እንዲያውም ተቃራኒውን አሳዩ። በጃፓን ችፌ (ኤክዜማ) ላለባቸው ሕፃናት ከ6 ወር ጀምሮ የበሰለ እንቁላል ዱቄት በጣም በትንሹ እየተሰጣቸው በሐኪም ክትትል አደጉ። ዓመት ሲሞላቸው የእንቁላል አለርጂ የተገኘባቸው 8 በመቶ ያህሉ ናቸው፤ እንቁላል ካልቀመሱት ውስጥ ግን 38 በመቶ ገደማ። ጥናቱ በ2017 ነው የታተመው። እኔን ያሳመነኝ ይሄ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ባወጣው መመሪያ ከ6 ወር እስከ 23 ወር ያሉ ልጆች ሥጋ፣ ዓሣ ወይም እንቁላልን የመሰለ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ በየቀኑ እንዲያገኙ ይመክራል።

ነጩን ትቶ አስኳሉን ብቻ መስጠትም ያው ከአለርጂ ፍራቻ የመጣ ነው። እውነት ነው፣ አለርጂ የሚያስነሱት ፕሮቲኖች በአብዛኛው ያሉት ነጩ ውስጥ ነው። ግን ሰውነቷ እንዲለምደው የምፈልገውም እነዚያኑ ፕሮቲኖች ስለሆነ ነጩን መተው አላማዬን ያፈርስብኛል። ሁለቱንም አንድ ላይ ሰጠኋት።

ጊዜውን የመረጥኩት ቀኑን በመቁጠር ብቻ አይደለም። ስድስት ወር ገደማ ሆኗታል፣ ደገፍ ስትደረግ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች፣ አንገቷ ጸንቷል፣ ማንኪያ ሲቀርብላት በምላሷ ገፍታ አታስወጣም። አትክልት ቀድማ ጀምራ ነበር። ጡት መጥባቷም አልተቋረጠም፣ እንቁላል የሚጨመር እንጂ ጡትን የሚተካ አይደለም።

የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት አደረግኩት። ሆን ብዬ ነው፤ የሆነ ነገር ቢፈጠር ጤና ጣቢያ ክፍት ነው፣ እኔም ነቅቼ አያታለሁ። ማታ ሰጥቶ ማስተኛት አይመከርም። ጉንፋንም ትኩሳትም ያልነበረባትን ቀን ጠበቅኩ፣ የዚያን ቀን ሌላ አዲስ ምግብም አልሰጠኋትም። ከክትባትም ጋር እንዳይገጥም አድርጌዋለሁ፤ ትኩሳት ቢመጣ ከየትኛው እንደሆነ ግራ እንዳልጋባ።

አሠራሩ ይኸውላችሁ። እንቁላሉን ውኃው ከፈላ በኋላ 12 ደቂቃ ያህል ቀቀልኩት። ስሰነጥቀው አስኳሉ እስከ መሀሉ ድረስ ጠጣር መሆኑን አየሁ፤ መሀሉ ላይ ጠቆር ያለ እርጥብ ነገር ካለ ገና ነው። አስኳሉ ዙሪያ አረንጓዴ ቀለበት ቢታያችሁ አትደንግጡ፣ ከመጠን በላይ ሲበስል የሚመጣ ነው፣ ጉዳት የለውም። ቅቅል አስኳል ደረቅ ነው፣ ላንቃ ላይ ይለጠፋል፣ ጥርስ የሌላት ልጅ አታላውሰውም። ነጩ ደግሞ እንደ ላስቲክ ያንሸራትታል። ስለዚህ ነጩን በቢላ አድቅቄ ከተፍኩት፣ ከአስኳሉ ጋር በሹካ ጨፈለቅኩት፣ ከዚያ የታለበ የጡት ወተት ጠብ እያደረግኩ ማንኪያ ላይ ቀስ ብሎ የሚወርድ ልስልስ እስኪሆን አሸሁት። ጨው የለም። እስከ ዓመቷ ጨው አያስፈልጋትም፣ ማርም ጨርሶ አይነካም።

ያንን አንድ አራተኛ የሻይ ማንኪያ ብቻ ሰጠኋት። አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቄ ምንም ሳይታይባት ትንሽ ጨመርኩላት። ከዚያ ሁለት ሰዓት ያህል ከአጠገቧ አልራቅኩም። በቀጣዮቹ ቀናት መጠኑን ቀስ በቀስ ከፍ አደረግኩት። ጉንጯ ላይ ወይም ክንዷ ላይ ቀብቶ መሞከር የሚባል ነገር አለ፣ እሱን አላደረግኩም። የልጅ ቆዳ ምግብ ሲነካው እንዲሁም ሊቀላ ይችላል፣ አለርጂ አለ ወይ የለም ወይ የሚለውን አይነግራችሁም። እኔ ከመብላቷ በፊት አፏ ዙሪያ ቫዝሊን ስስ አድርጌ እቀባት ነበር፣ ያ ቅላት እንዳያደናግረኝ።

ምን ነበር የምጠባበቀው? አለርጂ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ቢዘገይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይታያል። ሰውነት ላይ ነጠላ ነጠላ እያለ የሚያብጥና የሚያሳክክ ሽፍታ፣ የከንፈር ወይም የዓይን ዙሪያ እብጠት፣ ማስመለስ። ይህ ከታየ እንቁላሉ ይቆማል፣ ሐኪም ይጠየቃል። ምላስ ካበጠ፣ ድምፅ ከሻከረ፣ ሳሉ ካልቆመ፣ ስትተነፍስ ሲር ሲር ካለ፣ ወይም ልጅቷ ነጥታ ከተዝለፈለፈች ግን መጠበቅ የለም፣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ሕክምና። ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው አለ፤ ሽፍታም እብጠትም ሳይኖር ከበላች ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ደጋግማ እያስመለሰች የምትደክምበት ዓይነት። ያንን የሆድ ቫይረስ ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። እንቁላል በበላች ቁጥር የሚመጣ ከሆነ ለሐኪሙ ይህንኑ ንገሩት።

አሁን ወደ ጥሬው እንምጣ። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ነው የምናገረው፦ ጥሬ እንቁላል ለሕፃን አይሰጥም። ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ቅርፊቱ ላይ ብቻ አይደለም ያለው፣ ዶሮዋ ከታመመች ቅርፊቱ ከመሠራቱ በፊት ውስጡ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ንጹሕና ያልተሰነጠቀ እንቁላል ማለት ከጀርም የጸዳ ማለት አይደለም። ውኃ ውስጥ ከትቶ መንሳፈፍ አለመንሳፈፉን ማየትም የሚነግራችሁ ዕድሜውን ነው፣ ሲቆይ ውስጡ ያለው አየር ስለሚጨምር። ሳልሞኔላን አያሳይም። አዋቂን ጥቂት ቀን የሚያስቀምጥ ተቅማጥ ትንሽ ልጅን ፈሳሿን አሟጦ ሆስፒታል ሊያስተኛት ይችላል። ጥሬው «ያጠነክራል» የሚባለውም ልክ አይደለም፤ የበሰለ እንቁላል ፕሮቲን ከጥሬው በተሻለ ሰውነት ውስጥ ይገባል።

ኢንተርኔት ላይ ለስላሳ አስኳል ለሕፃን ሲሰጥ አይታችሁ ይሆናል። በእንግሊዝ ከ2017 ጀምሮ የአንበሳ ማኅተም ላላቸው እንቁላሎች ተፈቅዷል፣ ዶሮዎቹ ለሳልሞኔላ ስለሚከተቡና ቁጥጥር ስላለ። እንደዚያ ዓይነት ዋስትና የሌለው እንቁላል ግን እስኪጠነክር ይበስላል። ቴርሞሜትር ላለው ሰው መሀሉ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ መድረስ አለበት። ለሌለው፣ የሚያብረቀርቅ እርጥብ ነገር ምጣዱ ላይ እስካለ ድረስ አልበሰለም። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ ከእሳት የወረደ ትኩስ ምግብ ላይ እንቁላል ሰብሮ ማማሰል ማብሰል አይደለም። እኔ የተፈጨ ድንች ውስጥ ስጨምርላት ድስቱን ከእሳት ሳላወርድ እያማሰልኩ አበስለዋለሁ።

አያያዙ ላይ ብዙ አልቆይም። እንቁላሉን ከማስቀመጤ በፊት አላጥበውም፣ ቅርፊቱ ላይ ያለውን ተፈጥሯዊ መከላከያ ያነሳዋል። ጥሬ እንቁላል ከነካሁ በኋላ እጄን በሳሙና እታጠባለሁ፣ ሳህኑንም ሹካውንም እንዲሁ። የተቀቀለ እንቁላል ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አላቆይም። ከነቅርፊቱ ፍሪጅ ውስጥ ከሆነ እስከ አንድ ሳምንት ይቆያል። አፏ ውስጥ የገባ ማንኪያ የነካው ትርፍ ግን ይጣላል።

ብዙ ወላጅ የሚዘናጋው ከጀመረ በኋላ ነው። አንዴ ቀምሳ ምንም አልሆነችም ተብሎ ለወራት ይረሳል። ሰውነቷ የሚለምደው ደጋግማ ስትበላ ነው፤ ሐኪሟ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ እንዳይጎድል አሉኝ፣ እኔም ያዝኩት። አንዳንድ ቀን አፏን ገጥማ እምቢ ትላለች። አላስገድዳትም። በማግስቱ ሌላ መልክ እሰጠዋለሁ፣ ከአትክልት ጋር፣ ወይም በስሱ ጠብሼ በጣት የሚያዝ ርዝመት ቆርጬ። ከእጄ ይልቅ ከእጇ የገባውን ትወዳለች።

ጣት ምግብ ስትጀምር ትንታን አስቡ። ሙሉ ወይም ግማሽ ቅቅል እንቁላል በጭራሽ አልሰጣትም። ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነው የምትበላው፣ እየዳኸች ወይም እየሳቀች አይሆንም። ሲተናነቃት ድምፅ እያሰማች የምትገፋ ከሆነ ራሷ እያስተካከለች ነው። ድምፅ የሌለው መታነቅ ነው የሚያስፈራው። የሕፃን የመጀመሪያ እርዳታ አሰጣጥን አስቀድሞ መማር ያስፈልጋል፣ እኔ እንቁላሉን ከመጀመሬ በፊት ተማርኩት።

እንቁላል ሁሉን ይሸፍናል ብላችሁ ግን አትተዉት። ጥሩ ፕሮቲን አለው፣ ለአንጎል ዕድገት የሚያስፈልገው ኮሊን አስኳሉ ውስጥ በብዛት ይገኛል፣ ቫይታሚን ቢ12ም አለው። ብረቱ ግን ሰውነት ውስጥ በደንብ አይገባም። በዚህ ዕድሜ ብረት በጣም ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ሥጋና ጥራጥሬ ከሳህኗ አልጠፋም። ቫይታሚን ሲም የለውም፣ ፍራፍሬ አብሬ እሰጣታለሁ።

ወንዱ ልጄ ከባድ ችፌ አለበት። ለእሱ በራሴ አልጀመርኩም፣ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። እንደሱ ላሉ ልጆች ማቆየት ሳይሆን በክትትል መጀመር ነው የሚሻለው። ምርመራ ያስፈልገው እንደሆነ፣ የመጀመሪያዋን ማንኪያ ቤት ይሁን ክሊኒክ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። የኩፍኝ ክትባትም የእንቁላል አለርጂ ላለበት ልጅ እንደማይከለከል የነገሩኝ በዚያው ቀን ነው፤ ስለ ቢጫ ወባ ክትባት ግን አለርጂ ካለ ቀድማችሁ ተናገሩ።

ቤት ሳልሆን ልጆቹን የምትይዝልኝ እናቴ ናት። ፍሪጁ ላይ አጭር ማስታወሻ ለጥፌላታለሁ፦ እስኪጠነክር ይቀቀል፣ ይፈጭ፣ ተቀምጠው ይብሉ፣ ሽፍታ ካየሽ ደውዪልኝ፣ ልጆቹ መተንፈስ ካቃታቸው እኔን ሳትጠብቂ ወደ ሐኪም።