ፀሐይ በማትወጣበት አገር የተሰማ ጸሎት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። በከተማችን ዩኒቨርሲቲ የዓሣ ሀብት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሳለሁ፣ በተማሪዎች ልውውጥ ለአንድ የትምህርት ዘመን ወደ ሰሜን ኖርዌይ፣ ወደ ትሮምሶ ከተማ ተላክሁ። የማጠናው ከጣና ሐይቅ በቀር በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በክረምት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ገባር ወንዞች እየወጡ እንቁላላቸውን ስለሚጥሉበት ሁኔታ ነበር። በኖርዌይም ኮድ የተባለው ዓሣ በየዓመቱ ከባሬንትስ ባሕር ተነሥቶ እንቁላሉን ለመጣል ወደ አገሪቱ ዳርቻ ስለሚወርድ፣ እዚያ ያሉት መምህራን ስለ ዓሣ ጉዞ የሚያውቁት ብዙ ነው። ትምህርቱን ወደድሁት፤ ሰዎቹም በአክብሮት ተቀበሉኝ።

መከራዬ የጀመረው ብርሃኑ ሲጠፋ ነው። ትሮምሶ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ69 ዲግሪ በላይ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ ከኅዳር 18 ገደማ እስከ ጥር 7 ገደማ ፀሐይ ከአድማስ በላይ ብቅ አትልም። በቀትር ላይ ለጥቂት ሰዓታት ሰማያዊ ወገግታ ይታያል፤ ከዚያ ተመልሶ ይጨልማል። ባሕር ዳር ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በ12 ሰዓት ገደማ ወጥታ በ12 ሰዓት ገደማ ስለምትገባ፣ የቀኑን ሰዓት መቁጠር የምንጀምረው ከንጋት ነው፤ የጠዋቱም ጸሎት፣ የጾሙም ሰዓት በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው። ጾመ ነቢያት የሚገባው ኅዳር 15 ስለሆነ፣ ጾሙና ጨለማው ከሞላ ጎደል አብረው ገቡብኝ። ዘጠኝ ሰዓት መቼ እንደሆነ ለማወቅ ወደ ሰማይ ብመለከት ምንም የሚነግረኝ አልነበረም። ለንስሐ አባቴ ደውዬ ብጠይቃቸው፣ «በባሕር ዳር ሰዓት ጹሚ፤ እኛ ስንበላ ብዪ» አሉኝ። በክረምታቸው ከእኛ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀሩ፣ የአገሬ ዘጠኝ ሰዓት ለእኔ ሰባት ሰዓት ሆነ። ይህ ትንሽ ነገር ቢመስልም፣ ከቤተሰቤ ጋር በአንድ ማዕድ የተቀመጥሁ ያህል አጽናንቶኛል።

እንቅልፌ ግን ጠፋ። መጀመሪያ ዘግይቶ ይመጣ ነበር፤ ቀጥሎ ጥቂት አሸልቦኝ እነቃ ጀመር፤ በመጨረሻ እስከ ጠዋት ዓይኔን ሳልከድን የማድርባቸው ሌሊቶች ተደጋገሙ። ምግብ አስጠላኝ፤ ያለ ምክንያት አለቅስ ነበር፤ መጽሐፍ ገልጬ አንዱን መስመር ደጋግሜ አንብቤ ምን እንደሚል ሳላውቅ እዘጋዋለሁ። ወደ ሐኪም ሄድሁ። ሐኪሟ በትዕግሥት እንዳስረዳችኝ፣ ዓይናችን የሚያየው የጠዋት ብርሃን አንጎላችን ሜላቶኒን የተባለውን የእንቅልፍ ሆርሞን የሚያመነጭበትን ጊዜ ያስተካክልለታል፤ ብርሃኑ ሲቀር ሰውነት ቀንና ሌሊቱን መለየት ይቸግረዋል። ቫይታሚን ዲ አዘዘችልኝ፤ በየጠዋቱ ከፊቱ የምቀመጥበት ደማቅ መብራትም እንዳገኝ አደረገች። የታኅሣሡን ፈተና መቀመጥ ስለማልችል የሕክምና ማስረጃ ጽፋልኝ ፈተናው ወደሚቀጥለው መንፈቅ ተላለፈልኝ። የታዘዝሁትን ሁሉ ሳላጓድል ፈጸምሁ። ሳምንታት ቢያልፉም እንቅልፉ አልተመለሰም፤ ወደ አገሬ እንድመለስ የሚመክሩኝም በዙ።

ለእናቴ ሁሉንም እነግራት ነበር። እኔ ጋ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲሆን ባሕር ዳር ይነጋል፤ እናቴም ነጠላዋን አጣፍታ በሐይቁ ዳር ወዳለው ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። በዚያ ሰዓት እንደማልተኛ ስለምታውቅ፣ «ልጄ፣ አንቺ አልጋሽ ላይ ሆነሽ ውዳሴ ማርያም ድገሚ፤ እኔ እዚህ ቆሜ አደርስልሻለሁ» ትለኝ ነበር። እንዲህ እያልን ብዙ ሌሊት አነጋን። የምለምነው ፀሐይ እንድትወጣልኝ አልነበረም፤ በጨለማው ውስጥ እንደ ሰው ተኝቼ እንድነሣ፣ ደግሞም አብሮኝ የሚጸልይ አንድ ሰው እግዚአብሔር እንዲሰጠኝ ነበር። እናቴ በበኩሏ በጣና ሐይቅ ደሴት ላይ ላለው ገዳም ለክብራን ገብርኤል ተሳለች፤ ልጄ እንቅልፍ አግኝታ በሰላም ብትመለስልኝ ጥላና ዕጣን አገባለሁ፣ ያደረገልኝንም በሰው ፊት ትመሰክራለች ብላ።

ታኅሣሥ 18 ቀን ከዩኒቨርሲቲው ወደ መኖሪያዬ በአውቶቡስ ስመለስ፣ አንዲት እናት አንገቴ ላይ ያለውን ማዕተብ አይተው በትግርኛ ሰላምታ ሰጡኝ። ኤርትራዊት ናቸው፤ ለብዙ ዓመታት እዚያው ኖረዋል፤ አማርኛም በሚገባ ይናገራሉ። ፊቴን አይተው «ምን ሆነሻል?» ሲሉኝ አለቀስሁ። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። «ነገ ገብርኤል ነው፤ ማታ ቤቴ ዝክር አለ፤ ከእኛ ጋር ታድሪያለሽ» ብለው የሚወርዱበትን ፌርማታ አሳልፈው እስከ በሬ ድረስ ሸኙኝ፤ ልብስ ይዤ እስክወጣም በብርዱ ቆመው ጠበቁኝ።

በዚያ ቤት የተሰበሰቡት ጥቂት ምእመናን ነበሩ። ካህን በመካከላችን ባይኖርም፣ አንድ በልጅነታቸው ዲያቆን የነበሩ አባት ጸሎቱን በግእዝ መሩ፤ ግእዙ ከአገሬ እንደማውቀው ስለነበረ ከተላክሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄን አውጥቼ ከሰው ጋር ጸለይሁ። ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ስላወጣው መልአክ ድርሳኑ ሲነበብ፣ ከሳምንታት በፊት ልቤን የያዘው ጭንቀት ሲለቀኝ በግልጽ ተሰማኝ። እንዴት እንደሆነ ማስረዳት አልችልም፤ የሆነውን ግን እናገራለሁ። ሽሮና ዳቦ ቀምሰን ከጨረስን በኋላ እኚያ እናት አልጋቸውን ለቀውልኝ፣ በራሳቸው ጋቢ ሸፈኑኝ። ተኛሁ። በማግስቱ ቀትር ላይ ስነቃ እኚያ እናት ከሥራቸው ቀርተው አጠገቤ ተቀምጠው ነበር።

ለእናቴ ስደውል ጩኸትና የጀልባ ሞተር ድምፅ ይሰማ ነበር። በዚያ ጠዋት ከወንድሜ ጋር በጀልባ ወደ ደሴቶቹ ሄዳ ኖሯል። ሴቶች ወደ ክብራን ስለማይገቡ፣ እርሷ በአጠገቡ ባለው በእንጦስ ኢየሱስ ሆና ስትጸልይ ወንድሜ ስሜን ይዞ ክብራን ገብቶ ነበር። ስለዚያ ማታ ገና አልነገርኋትም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፌ ተመለሰ። «መብራቱና መድኃኒቱ ውለው አድረው ሠርተው ይሆናል» ያሉኝ ወዳጆች አሉ። መብራቱን አላቋረጥሁም፤ ሐኪሟንም እስከ መጨረሻው አመሰግናለሁ፤ እርሷንም ያዘጋጀልኝ እግዚአብሔር ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን አንድ ሰው ስጠኝ ብዬ ለምኜ፣ በመልአኩ በዓል ዋዜማ ሰው ተሰጥቶኛል፤ ይህን በአጋጣሚ ብቻ የሆነ ነው ማለት ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም።

የገናን በዓል ከዚያው ቤተሰብ ጋር አከበርሁ። በጥር 11 የባሕር ዳርን ጥምቀት በስልክ ምስል እያየሁ እልል አልሁ። ጥር 13 ቀን ደግሞ የትሮምሶ ሰዎች የፀሐይን መመለስ ያከብራሉ፤ ፀሐይ ከአድማስ በላይ ቀደም ብላ ብትወጣም ተራሮቹ ስለሚጋርዷት እስከዚያ ቀን ድረስ ከከተማዋ አትታይም። ልጆች ከትምህርት ቤት ወጥተው ይጠብቋታል፤ ለዚሁ ቀን የሚጋገር ጣፋጭ ዳቦም ይበላል። እኔም ከእኚያ እናት ጋር ወጥቼ አየኋት። ከዚያ በኋላ የተላለፈውን ፈተና ተቀምጬ አለፍሁ፤ የትምህርት ዘመኑንም በሰላም ፈጽሜ ተመለስሁ።

ጥላውንና ዕጣኑን ወንድሜ ለክብራን አስረክቧል፤ የእኚያን ኤርትራዊት እናት ስመ ክርስትናም ለአባቶች ሰጥተን በጸሎት እንዲያስቧቸው ለምነናል። ከእናቴ ስለት ቀርቶ የነበረው ይህ ምስክርነት ነው፤ እነሆ፣ ፈጽሜዋለሁ። ስሙ የተመሰገነ ይሁን፤ አሜን።