ከሽንኩርት ሥር ጫፍ ላይ ያየሁት

የባዮሎጂ መምህር ነኝ። የህዋስ ክፍፍልን ለዓመታት ያስተማርኩት ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ ነው። አንድ ቀን አንዲት ተማሪዬ፣ "ቲቸር፣ እርስዎ ግን በዓይንዎ አይተውት ያውቃሉ?" አለችኝ። አላየሁም ነበር።

በማግስቱ ቀይ ሽንኩርት ገዛሁ። የደረቀውን አሮጌ ሥር በምላጭ ፋቅ ፋቅ አደረግኩት። ሦስት ስቲኪኒ ወጋሁበትና ቂጡ ብቻ ውሃ እንዲነካ አድርጌ ብርጭቆ አፍ ላይ አስቀመጥኩት። ውሃውን በየቀኑ ቀየርኩለት። በሦስተኛው ቀን ነጫጭ ሥሮች ብቅ አሉ።

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። የቆረጥኩት ሥሩ ከሽንኩርቱ ጋር ከተያያዘበት በኩል ነበር። ማይክሮስኮፑ ያሳየኝ እንደ ጡብ የተደረደሩ ረጃጅም ህዋሳትን ብቻ ነው። የሚከፈል አንድም የለም። ያኔ ነው ነገሩ በደንብ የገባኝ። ህዋሳቱ የሚከፈሉት ጫፉ ላይ፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር በምትሆን ቦታ ነው። ከዚያ በላይ ያሉት ውሃ እየሳቡ ይለጠጣሉ እንጂ አይከፈሉም። ሥሩ የሚረዝመው በሁለቱም ነው። እኔ የወሰድኩት ደግሞ መለጠጡንም የጨረሱትን ነበር።

ሁለተኛው ላይ ጫፉን ወሰድኩ፤ አሲድ ውስጥ ግን በቂ ጊዜ አላቆየሁትም። ህዋሳቱ ተደራርበው ቀሩ። ለካ አሲዱ ነው አንዱን ከአንዱ የሚያላቅቀው።

በሦስተኛው ጫፎቹን ሦስት እጅ አልኮልና አንድ እጅ አሴቲክ አሲድ ውስጥ አሳደርኳቸው። ጠዋት ጓንትና መከላከያ መነጽር አድርጌ፣ 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 5 ደቂቃ አቆየኋቸው። አጥቤ አሴቶካርሚን የሚባል ማቅለሚያ ጠብ አደረግኩ። በከቨር ስሊፕ፣ ማለትም በስስ መሸፈኛ መስታወት ከድኜ፣ ሶፍት ደርቤ፣ በአውራ ጣቴ ቀጥ አድርጌ ተጫንኩ። ጣት ከተንሸራተተ ህዋሳቱ ይጠቀለላሉ፤ ዋናው ጥንቃቄ እዚህ ጋ ነው።

አብዛኞቹ ህዋሳት ክብ ኒውክለሳቸውን ይዘው ጸጥ ብለዋል። ሥራ የፈቱ ይመስላሉ እንጂ የሚያድጉትም፣ ዲኤንኤያቸውን እጥፍ የሚያደርጉትም በዚህ ጊዜ ነው። በመሃላቸው አንዷ ላይ ዓይኔ ቀረ። ዲኤንኤውን የያዙት ክሮሞሶሞቿ ለሁለት ተለያይተው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንደተጎተተ ክር ሆነዋል። ጀርመናዊው ዋልተር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1882 ይህን የክፍፍል ሂደት ማይቶሲስ ያለው፣ ክር ከሚለው የግሪክ ቃል ወስዶ ነው። ልክ ነበረ።

ያቺን ተማሪ ጠራኋት። የሽንኩርት ክሮሞሶም 16 መሆኑን ስለምታውቅ መቁጠር ጀመረች። 11 ላይ ስትደርስ ተደበላለቀባት። ዓይኗን ሳትነቅል እንደገና ከአንድ ጀመረች።